ለትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍል ኃላፊ፦ ስለ ቤዝቦል ቡድናችን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን የስፖርት ክፍል ኃላፊ

ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህሩ፣ ለትምህርት ቦርዱ አባላት፣ እንዲሁም በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ወገኖቻችን

ጉዳዩ፦ በቤዝቦል ቡድኑ ውስጥ ስላለው አድልዎ

ጤና ይስጥልኝ።

ይህን ደብዳቤ በእንግሊዝኛም አስገብተናል። በአማርኛ የጻፍኩት በሁለት ምክንያት ነው። መሥሪያ ቤታችሁ የአውቶቡስ ሰዓት ሲቀየር፣ በረዶ ጥሎ ትምህርት ሲዘጋ፣ የምሳ ቅጽ ሲሞላ በአማርኛ ይጽፍልናል። በአማርኛ ለተጻፈልን በአማርኛ ብንመልስ ነውር የለውም፤ አስተርጓሚ እንዳላችሁም እናውቃለን። ሌላው ምክንያት፣ ይህን ነገር በቤተ ክርስቲያን ግቢና በልጆች ልደት ላይ ስናወራው ከርመናል። «የኔም ልጅ እኮ» የማይል ወላጅ አላጋጠመኝም። ከወሬ ይውጣና ወረቀት ላይ ይስፈር ብዬ ነው።

ባለፈው ግንቦት ሰባት ቤተሰቦች ፈርመን አቤቱታ አስገባን። ሦስታችን ኢትዮጵያውያን ነን፤ ሁለቱ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እዚሁ ተወልደው ያደጉ አሜሪካውያን። መልሱ በነሐሴ መጣ። ሁለት መስመር ነው። ጉዳዩ ታይቷል፣ አሰልጣኙም በመጪው የውድድር ዘመን ይቀጥላሉ ይላል። ማን አየው? ምን አየ? ከሰባታችን አንዳችንም አልተጠራንም። ከልጆቹም የተጠየቀ የለም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ቫርሲቲ ማለት ዋናው ቡድን ነው፤ የሰፈር መዝናኛ አይደለም። ሜዳ የሚገቡት ዘጠኝ ናቸው፤ የተሻለው ይሰለፍ። የቡድኑ ሃያ ልጆች ሁሉ እኩል ይጫወቱ አላልንም፣ ወደፊትም አንልም። አሰልጣኝ የመምረጥ ሥልጣን አለው። እኛ የጠየቅነው የሚመርጠው በምን እንደሆነ ነው። ምክንያቱ ለልጁ ፊት ለፊት ሊነገረው የማይችል ከሆነ፣ እንዲህ ያለውን ምርጫ እኛ አገር «በዘመድ» ይሉታል።

እኔ ባደግኩበት ሰፈር ወንዶቹ ኳስ ሲጫወቱ «ባለኳሱ» የሚባል ልጅ ነበር። የጨርቅ ሳይሆን የእውነት ኳስ የተገዛለት። ቻለም አልቻለም ይሰለፋል። ውጣ ሲሉት ኳሱን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ጨዋታውም እዚያው ላይ ያበቃል። ወንድሞቼ ስንቴ እየተሳደቡ ቤት እንደገቡ አልረሳውም። ያ ልጅ ግን ቢያንስ ኳሱ የራሱ ነበር። እዚህ ሜዳው የሕዝብ ነው። መብራቱም የሕዝብ ነው። የአሰልጣኙ አበል የሚከፈለውም ከእኛው ግብር ነው። ታዲያ ባለኳሱ ማነው?

ከገንዘቡ ልጀምር። አሰልጣኙ ከትምህርት ቤት ውጪ የራሳቸው የሰመር ቡድን አላቸው። በብርዱ ወራት ደግሞ አዳራሽ ተከራይተው በክፍያ ያሠለጥናሉ። የሚላክልን ኢሜይል «በፈቃደኝነት» ይላል። ይህቺን ቃል እኛ ከአገራችን ጀምሮ እናውቃታለን። «በፈቃደኝነት» ተብሎ ከደመወዛችን ያልተቆረጠ መዋጮ የለም። እዚህም በፈቃደኝነት በተባለው ልምምድ ላይ ስም ይጠራል፣ የቀረ ይመዘገባል። እኔ ነርሲንግ ሆም የሌሊት ተረኛ ነኝ። ልጄን በሳምንት ሁለት ቀን እዚያ አድርሼ መመለስ አልቻልኩም፤ ብችል እንኳ ክፍያው ከአቅሜ በላይ ነበር። ጥሩ የተባለ አዲስ የቤዝቦል ዱላ ራሱ 400 ዶላርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ከሁለት ወር ደመወዜ ቆጥቤ ነው የገዛሁለት። ጓንቱ የጎረቤት ልጅ የተወው ነው።

የካቲት ላይ ሙከራው መጣ። ሦስት ቀን ነው። ልጆቹ ጀርባቸው ላይ ቁጥር ይለጠፋል፤ ስም ሳይሆን ችሎታ እንዲታይ ነው ተባልን። ዝርዝሩ ሲወጣ ከአዳራሹ ልጆች አንድም የቀረ አልነበረም። ብዙዎቹ ጎበዞች ናቸው፣ ይገባቸዋል፣ አልክድም። ነገር ግን ከሦስቱ ቀን አንዱን ብቻ የመጣ ልጅ ገባ። ሦስቱንም ቀን ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ፣ ከሁሉ ፈጥኖ የሮጠው የሳልቫዶሩ ልጅ ቀረ። ምን ጎደለኝ ብሎ ጠየቀ። «በሚቀጥለው ዓመት ሞክር» ተባለ። ምኑን አሻሽሎ ይሞክር? የሚነግረው አላገኘም። አሁን ከትምህርት በኋላ ከአባቱ ጋር ቀለም ይቀባል።

የቤዝቦል ነገር የኪስ ነገር እየሆነ መምጣቱ የእናንተ ትምህርት ቤት ብቻ ችግር እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2022 በአገሪቱ የቤዝቦል ፍጻሜ፣ በወርልድ ሲሪስ፣ ለዋንጫ የቀረቡት ሁለት ቡድኖች ውስጥ እዚህ አሜሪካ የተወለደ አንድም ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። እንዲህ ሲሆን ከ1950 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ጃኪ ሮቢንሰን የዘር አጥሩን ጥሶ በ1947 ለጥቁሮች በከፈተው በር ማለት ነው። በሩን አሁን የሚዘጋው እንደ ድሮው ያልተጻፈ ሕግ አይደለም። ደረሰኝ ነው።

አንድ ወላጅ በዘመድ መግባት ክፋት የለውም ብሎ ሲከራከረኝ የቤዝቦል ኮከቡን ማይክ ፒያሳን ጠቀሰልኝ። እውነት ነው፣ ፒያሳ በዘመድ ነው የገባው። በ1988 የሎስ አንጀለስ ቡድን ዶጀርስ የወሰዱት የቡድኑ አሰልጣኝ ቶሚ ላሶርዳ የአባቱ ወዳጅ ስለነበሩ ነው። ግን ቡድኖች በየዙሩ አዲስ ተጫዋች ሲመርጡ፣ እሱ የተመረጠው በ62ኛው ዙር፣ 1,390ኛ ሆኖ ነው። ሌላ ሰው የጓጓለት ቦታ አልነበረም። ከገባም በኋላ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ድረስ ሄዶ የካቸርን፣ ከመቺው ጀርባ ሆኖ ኳስ የሚይዘውን፣ ሥራ ከሥሩ ተማረ፤ በ2016 የቤዝቦል ታላላቆች የሚዘከሩበት የዝነኞች አዳራሽ ገባ። የማንንም ልጅ ቦታ ሳይነጥቅ በዘመድ የሚገባ ካለ እኔም አልቃወምም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ስለ ራሴ ልጅ መጻፍ ከብዶኝ ነበር፤ የሌሎቹ ወላጆች ጻፊው አሉኝ።

የቡድኑ ሱሪ ነጭ ነው። ነጭ ሱሪ ለአፈር ጨዋታ ማን እንዳሰበው እግዜር ይወቀው። የሜዳው አፈር ደግሞ የወለጋን አፈር የሚመስል ቀይ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አሳድረው ካላሹት አይለቅም። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ስለሚጀመር ብዙውን ጊዜ አልደርስም። ጠዋት ከሥራ ስመለስ ሱሪውን አያለሁ። ቆሽሾ ካገኘሁት ደስ ይለኛል፤ ተጫውቷል ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሱሪው እንደሄደ ይመለስ ነበር። ምንም አልጠየቅኩትም። ከዚያ አንድ ጠዋት ሁለቱም ጉልበት ላይ ቀይ አፈር አየሁ። እልል ማለት ቀረኝ። በሚቀጥለው ጨዋታም እንደዚያው። በሦስተኛው ግን ባሊ ውስጥ ነክሬ ሳሸው አንድ ነገር ገባኝ። እድፉ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ነው። ሁለቱም ጉልበት ላይ፣ ክብ ሆኖ፣ እኩል። ተንሸራትቶ የወደቀ ልጅ ሱሪ እንደዚያ አይሆንም። ጭኑ ላይ ይፋቃል፣ የሣር አረንጓዴ ይነካዋል፣ ቀበቶው ውስጥ አፈር ይገባል። ይሄ በእጅ የተቀባ ነው። ልጄ እኔን እንዳያሳዝነኝ ብሎ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ሜዳው ዳር ተንበርክኮ አፈር ይቀባ ነበር።

አጥቤ ሰጠሁት። እስከ ዛሬ እንዳወቅኩበት አልነገርኩትም። አሁን ይህን ሲያነብ ያውቃል።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ሥራው ባልዲ ይዞ የልምምድ ኳስ መልቀም ነበር። እሺ፣ ከሌሎቹ ያንስ ይሆናል። ግን አንድ ቀን እንኳ «እዚህ ጋ ታንሳለህ፣ ይህን አሻሽል» ያለው የለም። ሦስት ጊዜ ጠይቋል። መልሱ ሦስቱንም ጊዜ «ጠንክር» ነው።

ቦታ የለም እንዳይሉን። የሁለተኛ ደረጃ ቤዝቦል ጨዋታ ሰባት ኢኒንግ ነው፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ የሚመቱበት ዙር ነው። በፕሮፌሽናሎቹ ጨዋታ የወጣ ተጫዋች አይመለስም፤ በሁለተኛ ደረጃ ሕግ ግን ጨዋታውን የጀመረ ተጫዋች ተቀይሮ ከወጣ በኋላ፣ በዚያው የመምቻ ተራው አንድ ጊዜ ተመልሶ መግባት ይችላል። ተጠባባቂን ለሁለት ኢኒንግ አስገብቶ መሞከር ዋናውን ተጫዋች አያሳጣም ማለት ነው። ይህን የነገረኝ አንድ የጨዋታ ዳኛ ነው። ቡድናችን በአሥር ነጥብ እየመራ በነበረባቸው ጨዋታዎች እንኳ አንድ ተጠባባቂ አልገባም። በአሥር እየመሩ!

የአምበሉ ነገር ደግሞ አለ። ልጆቹ በብጣሽ ወረቀት ሁለት ሁለት ስም ጻፉና ኮፍያ ውስጥ ጨመሩ። አሰልጣኙ ኮፍያውን ይዘው ወደ መኪናቸው ሄዱ። በማግስቱ ሁለት ስም ተነገረ። ስንት ድምፅ እንዳገኙ አልተነገረም። ልጆች ናቸውና እርስ በርስ ተጠያየቁ። ከሃያው አሥራ አንዱ የጻፉት ልጅ አልተመረጠም። ያ ልጅ ጨዋታ ሲያልቅ ሳይታዘዝ ሬክ ይዞ ሜዳ የሚያስተካክል ነው። አዲስ የመጣ ትንሽ ልጅ ኳስ አምልጦት ሲያለቅስ ሄዶ አጠገቡ ዝም ብሎ የተቀመጠው እሱ ነው። የተመረጠው አንደኛው አምበል ደግሞ ለቡድኑ ገንዘብ የሚያሰባስበው የወላጆች ክለብ ሰብሳቢ ልጅ ነው።

ሰብሳቢው ብዙ ደክመዋል፤ የውጤት ሰሌዳው የቆመው በእሳቸው ነው። ይህ ግን ልጃቸውን አምበል አያደርገውም። ልጁ ኳስ ስቶ ሲወጣ የራስ ቁሩን ግድግዳ ላይ ወረወረ። ጨዋታው ሳያልቅም ሄዶ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጠ። አሰልጣኙ «የማሸነፍ እልህ ነው» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ልጅ ጓንቱን መሬት ላይ ጣለ። ሁለት ጨዋታ ታገደ። አንዱ ሲያደርገው እልህ፣ ሌላው ሲያደርገው ጥጋብ። ቡድኑ የተሰነጠቀው በዚያ ሳምንት ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ዳግአውት (የተጫዋቾች መቀመጫ) ውስጥ እንኳ ለየብቻ ነው የሚቀመጡት።

የኒው ዮርክ ያንኪስ አምበል ዴሪክ ጂተር በ2014 ጫማ ሲሰቅል ቡድኑ አምበልነቱን ለማንም አልሰጠም። ስምንት ዓመት ባዶ ቆየ። በ2022 መጨረሻ ለተጫዋቹ ለአሮን ጃጅ ሰጡት። ያን ያህል ሀብታም ቡድን ስሙን የሚሸከም ሰው እስኪያገኝ መጠበቅ ከቻለ፣ እኛም ወረቀቱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ መጠበቅ አያቅተንም ነበር።

አድልዎ የሚጎዳው የተገፋውን ብቻ ይመስለኝ ነበር። የፒቸራችንን፣ ኳስ ወርዋሪያችንን፣ ነገር ካየሁ በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ይህ ልጅ ከእኛ ሰባት ቤተሰቦች አይደለም። የአሰልጣኙ ተወዳጅ ነው፤ 16 ዓመቱ ነው፤ ደግሞም ጨዋ ልጅ ነው። አሰልጣኙ ከእሱ በቀር የሚያምኑት ወርዋሪ የለም። ከእኛ አባቶች አንዱ፣ ታክሲ ነጂ ነው፣ ውርወራውን ይቆጥራል። እንደ ዕቁብ ጸሐፊ ደብተር ላይ አምስት አምስት እያሰረ። አንድ ማክሰኞ 91 ሆነ። የፕሮፌሽናሎቹ ሜጀር ሊግና የአገሪቱ የቤዝቦል አካል ዩኤስኤ ቤዝቦል በ2014 ያወጡት ፒች ስማርት የሚባለው መመሪያ፣ ለ15ና ለ16 ዓመት ልጅ የቀኑ ጣሪያ 95 ነው ይላል። 76ና ከዚያ በላይ የወረወረ ደግሞ አራት ቀን ክንዱን ያሳርፍ ይላል። ከ2017 ጀምሮም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ፌዴሬሽን የየስቴቱ ማኅበር የውርወራ ቁጥር ገደብ እንዲኖረው አስገድዷል።

እሺ፣ 91 ከ95 በታች ነው። ሐሙስ ዕለት ግን ልጁን ካቸር አድርገው አሰለፉት። ካቸር ማለት ኳሱ በመጣ ቁጥር መልሶ የሚወረውር ሰው ነው። የካቸር ውርወራ በቆጠራው ውስጥ አይገባም። መመሪያው ፒቸር የሆነ ልጅ በማይወረውርበት ቀን ካቸር ባይሆን ይሻላል የሚለው ለዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ ልጁ አርፏል። ክንዱ ግን አላረፈም።

በግንቦት፣ ዋናው ጨዋታ ሲደርስ፣ ልጁ ክንዱን ማንሳት አቃተው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ኢኒንግ እንኳ ያልተሰጣቸው ሁለት ልጆች በዚያ ሁሉ ተመልካች ፊት ወጥተው ወርውሩ ተባሉ። አንዱ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከዳር ይታይ ነበር። የሆነውን ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም፤ እዚያው ነበሩ። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለፒቸሩ ለቶሚ ጆን የሠሩለት የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ዛሬ የልጆች ሕክምና ሆኗል። ቶሚ ጆን የ1975ን የውድድር ዘመን ሙሉ ሳይጫወት ነው ያሳለፈው። የኛ ልጅ እዚያ እንዳይደርስ እጸልያለሁ። እናቱን አንድ ቀን ፓርኪንግ ላይ አገኘኋት። «ሁሉም እድለኛ ነው ይሉታል» አለችኝና ዝም አለች።

ለምን ቀድማችሁ አልተናገራችሁም ይሉ ይሆናል። ተናግረናል። ከጨዋታ በኋላ 24 ሰዓት ሳይሞላ አሰልጣኙን ማነጋገር አይፈቀድም የሚል ደንብ አላችሁ። ደግ ደንብ ነው፤ በንዴት የተነገረ ነገር አይጠቅምም። የእኛ 24 ሰዓት ግን 24 ቀን ሆነ። በመጨረሻ የተገናኘው አባት «ስለ መሰለፍ አናወራም» ተብሎ ተመለሰ። በማግስቱ ልጁ ከቋሚ ተሰላፊነት ወረደ። አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ግን ሌሎቹ ወላጆች አፋቸውን ዘጉ። ልጆቹም «እማዬ፣ አባዬ፣ አደራ እንዳትናገሩ» ማለት ጀመሩ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባልበት አገር ነው ያደግነው። ልጆቻችን ግን ይህን ተረት እዚህ እንዲማሩት አልፈለግንም።

የምንጠይቀው እንዲህ ነው።

ከየካቲቱ ሙከራ በፊት መመዘኛው በጽሑፍ ይውጣ። ምን እንደሚታይ፣ ስንት ነጥብ እንዳለው። መዛኞቹ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፤ አንዱ ከሌላ ትምህርት ቤት ይምጣ። ያልገባ ልጅ ነጥቡን ለማየት ከፈለገ ይታይለት።

ከተጫዋቾች ገንዘብ የሚቀበል አሰልጣኝ ያንን ለእርስዎ ቢሮ በጽሑፍ ያሳውቅ። የሚከፍሉትን ልጆችም በሙከራው ላይ እሱ አይመዝን። ይህ ከሁሉ የሚበልጥብን ነው፤ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ አይቅርብን።

የአምበል ድምፅ ልጆቹ ባሉበት፣ ከቡድኑ ውጪ በሆነ መምህር ይቆጠር። የውርወራ ቁጥር በየጨዋታው ማግስት ለወላጆች ይላክ፤ ካቸር ሆኖ የተሰለፈ ፒቸርም በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። አሰልጣኙ በውድድሩ አጋማሽ ከእያንዳንዱ ልጅ ጋር አሥር ደቂቃ ይቀመጡ። ሃያ ልጅ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም።

አቤቱታ ባቀረበ ወላጅ ልጅ ላይ በቀል እንደማይፈጸም ከእርስዎ በጽሑፍ እንፈልጋለን። የግንቦቱም አቤቱታችን እንደገና ይታይ። በዚህኛው ጊዜ ግን እኛም ልጆቹም እንጠየቅ።

ስብሰባ ከጠሩን የአማርኛና የስፓኒሽ አስተርጓሚ ይኑር። አብዛኞቻችን የሌሊት ሠራተኞች ስለሆንን ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብንባል ሁላችንም እንመጣለን። አስተርጓሚው ይጠንቀቅልን፤ ስምንት ሰዓት ያልኩት በእኛ ነው፣ በእናንተ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

ከአክብሮት ጋር
በሰባት ቤተሰቦች ስም
የአንድ ተጠባባቂ የቀኝ ሜዳ ተጫዋች እናት